ዛሬ ከቁጥርና ከራሴ ጋር ስታገል ዋልኩ

ለሥራ ቅጥር ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ጠዋት ቀጣሪዎች የማሰብ ችሎታን እንደሚለኩበት እንደ ዎንደርሊክ ፈተና 50 ጥያቄ በ12 ደቂቃ ልሠራ ተቀመጥኩ። ለአንዱ ጥያቄ 15 ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም! እኔ ግን «2፣ 6፣ 12፣ 20፣ ቀጥሎ ስንት ይመጣል?» በሚለው ላይ ብቻ ሁለት ደቂቃ ፈጀሁ። መልሱ 30 ነው፤ ልዩነቱ በ2 በ2 እያደገ ይሄዳል። ሳውቀው ተናደድኩ።

ከሰዓት የባህርይ መጠይቁን ያዝኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። «ከሰው ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ያው ጥያቄ ልብሱን ቀይሮ መጣ፦ «ብቻዬን መሆን እመርጣለሁ»። እሱንም «በጣም እስማማለሁ»! እንዲህ የሚያመላልሱን መልሳችን እርስ በርሱ መጣጣሙን ለማየት ነው። (ለነገሩ ሁለቱም እውነቴን ነበር።)

ነገ ሰዓት ይዤ እደግመዋለሁ፤ የከበደኝን እየዘለልኩ።