ራቭ ፎር ስንት ቀረ? ቦሎውን ሳይሆን ቡሎኑን እዩ

ስንት ቶዮታ ራቭ ፎር መንገድ ላይ እንዳለ ታርጋ ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም። ጎማው ተንፍሶ ግቢ ውስጥ ድመት የምትወልድበትም ሊብሬ አለው። ብሪታንያ በየሩብ ዓመቱ የመኪኖችን ብዛት በሞዴል ስታወጣ የመንገድ ግብር ያላቸውንና ባለቤታቸው «አቁሜዋለሁ» ብሎ ያስመዘገባቸውን ለየብቻ ትቆጥራለች። እኛ ጋ ለዚህ የሚቀርበው የዓመቱ ቦሎ ነው፤ እሱም የሚናገረው ስለ ምርመራው ቀን ብቻ ነው።

እዚያ መኪና የሚጨርሰው ዝገት ነው፤ በክረምት አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር ይበላዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቦዲው ቶሎ አይሞትም፤ ቀድሞ የሚሄደው ሞተሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ሞተር?» ነው።

ከ1994 እስከ 2000 (በፈረንጆች) የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 2.0 ሊትሩ 3ኤስ-ኤፍኢ ሞተር፣ ብሎኩ ብረት ነው። ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው የታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቢበጠስ እንኳ ፒስቶኑ ቫልቭ አይመታም፤ ተጎትቶ ይገባል፣ አዲስ ቺንጋ ይታሰርለታል፣ ይወጣል። ሽማግሌው ዛሬም የሚታየው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 1ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር በቺንጋ ፈንታ ካቴና (ሰንሰለት) አለው፣ ብሎኩ ግን አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን፣ ማለትም ብሎኩን ከላይ የሚከድነውን የሞተሩን ራስ፣ 10 ቡሎኖች ይይዙታል። ከእነሱ መሃል በኋላ በኩል፣ በጭስ መውጫው ወገን ያሉት የብሎኩን ጥርስ (ቡሎኑ የሚታሰርበትን ጠመዝማዛ) ይዘው ይነቀላሉ። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ይጎድላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በባትሪ አብርታችሁ ቴስታታና ብሎክ የሚገናኙበትን መስመር ከኋላ እዩ፤ ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ ቅርፊት ካለ መኪናውን አትግዙ፣ ወይም የሞተር ማውረጃውን ከዋጋው አስቀንሱ።

በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑን፣ ብቻ ለውጦ መግጠም ገንዘብ መበተን ነው፤ ጥርሱ ያለቀበት ቀዳዳ ቡሎን አያጠብቅም። ቀዳዳው በድሪል እንዲሰፋ ተደርጎ የብረት ጥርስ ይገባበታል፣ ቡሎኑም አዲስ ይሆናል። የተነቀሉትን 3 ብቻ ሠርቶ ሌሎቹን መተው የሚወዱ አሉ፤ ቴስታታው ከወረደ አይቀር 10ሩም ይሠሩ። ድሪሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መምሪያ ሳይኖር በእጅ ከተበሳ ግን ቡሎኑ ያዘነብላል፤ ያኔ ብሎኩም አይተርፍም።

ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ደግሞ በ82 አካባቢ ይከፈታል። በመሃል ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቀሪውን የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የማሸጊያ ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። በቧንቧ ውሃ ሲሞላ ደግሞ አሉሚኒየሙ ከውስጥ ይበላል።

ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የጎደለውን የሚተካ አይመጣም። የደህናውም መለዋወጫ ከቆመው ይፈታል፤ ግቢ ውስጥ ያለችው መኪና በሊብሬ አንድ ሆና፣ በሯ አንዱ ጋ፣ ካምቢዮዋ (ማርሽ ሳጥኗ) ሌላው ጋ ትነዳለች።