አንገቱ የጎበጠ ጊታር

ዛሬ ምንም የማያሰኝ ቀን ነው፤ ያው ታውቁኛላችሁ። አሮጌውን ጊታር ከግድግዳው ያወረድኩት ለመጫወት አይደለም፤ የተበጠሰውን አራተኛ ክር ልቀይርለት ነው።

ግን ዓይኔ አንገቱ ላይ ቀረ። ዘንድሮም ትንሽ ጎብጧል። እንዲህ ባሉት አሮጌ ርካሽ ጊታሮች አንገት ውስጥ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ የሚስተካከል የብረት ዘንግ የለም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ርካሾቹ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ያለ ዘንግ ተሠርተዋል። ስድስት የብረት ክር በአንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ይስባል። ዕድሜ ልኩን ሲሳብ የኖረ እንጨት ቢጎብጥ ምን ይገርማል? 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ክሩ 4 ሚሊሜትር ከተነሳ ኮርድ (በአንዴ የሚመቱ ድምፆች) መያዝ ጣት ማቁሰል ነው፤ ክሩ ወደ ታች ሲጫን ስለሚወጠርም ድምፁ ከቅኝቱ ሽቅብ ይወጣል።

ለስላይድ፣ ማለትም ጣት ላይ በሚጠለቅ የጠርሙስ አንገት ወይም የብረት ቱቦ ክሩ ላይ እየተንሸራተቱ ለመጫወት፣ ግን ይኸው በሽታ መድኃኒት ነው። ስላይድ አይጫንም፣ ይነካል እንጂ። ከተጫነ ክሩ ፍሬቱን ይመታና ቋ! ይላል። ጠርሙሱ የሚያርፈው ጣት እንደሚያርፍበት በሁለት ፍሬቶች መካከል ሳይሆን ልክ ከፍሬቱ ብረት አናት ላይ ነው። ትንሿ ጣት ላይ ከገባ ሌሎቹ ሦስቱ ነፃ ይሆናሉ፤ ከኋላው ያሉት ክሮቹን በስሱ ካልዳሰሱ ደግሞ ከስላይዱ ጀርባ ያለው የክር ክፍል አብሮ ይንጫጫል። ብርጭቆ ነው ናስ የሚለው ክርክር አይገባኝም፤ ዋናው ክብደቱ ነው። ቀላል ስላይድ ወፍራም ክር ላይ ይንቀጠቀጣል።

ቅኝቱም ለሽማግሌ ይራራል። ለኦፕን ጂ (ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ የጂ ኮርድ ለሚሰጡበት ቅኝት) ስድስተኛውን፣ አምስተኛውንና አንደኛውን ክር አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ማላላት ነው፦ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ። ኦፕን ኢ ግን ሦስት ክር ያከርራል፤ ዘንግ የሌለው አንገት ላይ ግፍ ነው። ያንኑ የጣት አያያዝ ክር በማላላት በኦፕን ዲ ማግኘት እየተቻለ!

ደግሞ ሆዱ። ውስጡ ያሉት ርብራቦች በኤክስ ቅርጽ ሳይሆን እንደ መሰላል አግድም የተደረደሩ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይጮህና ቶሎ ይሞታል። ለኮርድ ድርቅ ያለ ነው፤ ለነጠላ የስላይድ ዜማ ግን ሰው አጠገብህ ተቀምጦ የሚናገር ይመስላል። ዋጋው ክሮቹ ከታሰሩበት ድልድይ ኋላ የሚነፋው ሆድ ነው።

እና አሁን የማስበው ይህን ነው፦ «የድሮ ድምፅ» የምንለው የእንጨቱ እርጅና ነው ወይስ የጉድለቱ ድምር? አንገቱ ተነቅሎ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ ቢመለስ፣ ያኔ የምወደው የትኛውን ይሆናል?

አራተኛው ክር? ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት በአምስት ክር ሳንጎራጉር ቆይቻለሁ፤ ያውም ሦስቱን አላልቼ።