የታችኛው ክር ሲያልቅ

ወገቤን የያዘኝ ከባድ ዕቃ ሳነሣ ቢሆን ኖሮ ለሰው መናገሩ ባላሳፈረኝ ነበር። የወደቀ የክር ጥቅል ላነሣ ጎንበስ እንዳልኩ ነው። ጥር 8 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከቀኝ በኩል ከዳሌዬ በላይ አንድ ነገር ውጋት ለቀቀብኝና እዚያው ቀረሁ፤ መውረድም መውጣትም የለም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መሬት ላይ የጠፋኝ ነገር ያለ መስሎት አጠገቤ ተንበርክኮ መፈለግ ጀመረ። «ጋሼ፣ መርፌ ነው የጠፋው?» አለኝ። መሳቅ አማረኝ፤ ሳቁም ወገቤን ወጋኝ።

ጎንደር ውስጥ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ጥር 8 ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከገና በፊት ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ከማለዳ እስከ ሌሊት አምስት ሰዓት የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሴቶቹ ቀሚስ፣ የወጣቶቹ አንድ ዓይነት ልብስ፣ የአንድ መሪጌታ ካባ። ካባውን ሳላደርስላቸው ከተራ ገባ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እልልታውንና ከበሮውን በመስኮት ሰማሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ሙያዬ ሌላውን ለበዓል አልብሼ ራሴ ቤት የቀረሁበት የመጀመሪያው ጥምቀት ነው።

ያን ሰሞን የማይመክረኝ አልነበረም። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ልታስረኝ መጣች፤ ዕድሜዋን ሁሉ እንስራና እንጨት የተሸከመችው በእሱ ነው፣ ያለ እሱ ወገብ ይጸናል ብላ አታምንም። ጎረቤቴ «አያ፣ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ፣ አንዴ ቢያንቋቋልህ ትነሣለህ» አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ልሄድ ነበር። በመካከሉ በታክሲ ተጭኜ ራጅ ተነሣሁ። «ምንም የለም» ተባልኩ። መርፌ ተወጋሁ፣ ከፈልኩ፣ ተመለስኩ። ካልሲውን ራሱ ማጥለቅ ላቃተው ሰው «ምንም የለም» የሚለውን ቃል የመሰለ የሚያናድድ ነገር የለም።

የሚያጽናና ነገር የነገረችኝ ፊዚዮቴራፒ የተማረችው የእህቴ ልጅ ናት። ራጅ የሚያሳየው አጥንት እንጂ ጡንቻና ጅማት አይደለም፣ አብዛኛው የወገብ ሕመምም በሥዕል የሚታይ ምክንያት የለውም አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን በጥያቄ አጣደፈችኝ። እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አስቸግሮዎታል? በጭንዎ መካከል ስሜት ጠፍቶብዎታል? ሌሊት ያልብዎታል? ትኩሳትስ? ከስተዋል? ለምን እንደምትጠይቅ ስጠይቃት፣ ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ የሳንባ ነቀርሳ ራሱ አከርካሪ ላይ ሊወጣ እንደሚችል ነገረችኝ። አንዱም አልነበረብኝም። «እንግዲያው አጎቴ፣ ይነሡ» አለች። እንዴት ነው የምነሣው ብላት፣ ተኝቶ መክረም ድሮ ይታዘዝ የነበረ ነገር መሆኑን፣ አሁን ግን ሕመሙ በቻለው መጠን መንቀሳቀስ እንደሚመከር አስረዳችኝ። የዚያን ዕለት ግድግዳ ይዤ እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ አጥሩ ሄድኩ።

«ሳይነሡ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» ስትለኝ የመለስኩላት መልስ «እስክጨርስ» የሚል ነበር።

ከነገረችኝ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የዲስኩ ነገር ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል እንደ ትራስ የሚሆኑ 23 ዲስኮች አሉ፤ በጎልማሳ ሰው ላይ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸው እየሰረገ ነው የሚደርሳቸው፤ ሲጫኑ ውኃ ይወጣቸዋል፣ ጫናው ሲቀልላቸው መልሰው ይጠጣሉ። ስለዚህ ቀን ቆመን ተቀምጠን ስንውል ማታ ከጠዋቱ ቁመታችን አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር እናጥራለን። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም። ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ የበሩ መቃን ላይ ቁመቴን በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፣ ማታ ደግሞ እንደገና። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል! ታዲያ የሱሪ ልክ ጠዋት ነው ማታ የሚወሰደው ብዬ ብጠይቃት «እግር አያጥርም አጎቴ» ብላ ሳቀችብኝ። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ዲስኩ ጠዋት ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ፣ ገና ከአልጋ ስንወርድ በጥልቀት መጎንበስ ከሌላው ሰዓት የበለጠ ያስጨንቀዋል። እኔ ደግሞ ቀኔን የምጀምረው ቧንቧው ሥር እጥፍ ብዬ ፊቴን በመታጠብ ነበር። አሁን ውኃውን በጆግ ይዤ ቆሜ እታጠባለሁ፤ ጫማዬንም ቁርስ ከበላሁ በኋላ ነው የማስረው።

አልፍ ናኬምሰን ስለሚባል የስዊድን ሐኪምም ነግራኛለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። በመርፌ የሚያድር ሰው ስለሆነ የሙያ ዘመዴ አድርጌዋለሁ። ያን ጊዜ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስክን ይጫናል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመኖች በአንድ ሰው ላይ እንደገና ሲለኩ፣ ዘና ብሎ መቀመጥ ከመቆም የባሰ አለመሆኑን አገኙ። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ወደ ፊት መጎንበስ ግፊቱን ያንረዋል። ይህን ስሰማ ትንሽ ተናደድኩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ዘብ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ለምሳ ሳይደርስ ጀርባዬ እንጨት ይሆን ነበርና። ቀጥ ማለቱ ብቻውን መድኃኒት አልሆነልኝም።

ለምን እንደምጎነብስ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ልጁን «ስሠራ ሳላውቅ ከጎን ፎቶ አንሣኝ» አልኩት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው እኔ መሆኔን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ አፍንጫው መርፌው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የለበሰው የእኔ ሹራብ ባይሆን እክድ ነበር። ከዚያ ፎቶውን ደጋግሜ ሳየው ገባኝ፤ የምጎነብሰው ልማድ ሆኖብኝ ብቻ ሳይሆን ስለማይታየኝ ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ በዚያ ላይ አርባ ስድስት ዓመት። ወገቤን ሳስታምም የከረምኩት የዓይኔን ዕዳ ነበር። የቅርብ ማያ መነጽር ገዛሁ፣ አንድ አምፖል ወደ መኪናው ዝቅ አደረግሁ፤ በሁለተኛው ቀን ማንም ሳይነግረኝ አንገቴ ቀና አለ። ይህን ቀላል ነገር ከማስታገሻው በፊት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። በርጩማው ዝቅተኛ ስለነበር ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይውል ነበር፤ በጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላሁት ትራስ አስተካከለው። የመቁረጫ ጠረጴዛውን እግሮች በእንጨት አስረዝመን ከጭኔ ወደ ክርኔ ከፍ አደረግነው። ከወደቀ ክር ጋር ስገናኝ ወገቤን አላጥፍም፤ ጉልበቴን ሰብሬ እወርዳለሁ። ማታ በባጃጅ እወጣት የነበረችውን ዳገት አሁን በእግሬ እወጣታለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እስከ ቁስቋም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን መነሣቱ ነው። የእህቴ ልጅ በስልክዎ ደወል ይሙሉ አለችኝ፤ ሁለት ቀን ሞክሬ ጠላሁት፣ እጅጌ እየገጠምኩ ሳለ ሲጮኽ ስፌቱን ያስትኛል። በኋላ መኪናው ራሱ ደወል እንዳለው አስተዋልኩ፤ ከመርፌው ሥር በትንሽ ጥቅል የሚገባው የታችኛው ክር ያልቃል። ድሮ ሲያልቅ ልጁ እየሞላ ያቀብለኝ ነበር፣ እኔ ከበርጩማው ሳልነቃነቅ። አሁን ክሩ ያለው በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነው። ሲያልቅ እነሣለሁ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ለጠጥ እላለሁ፣ የግቢውን ግንብ ጫፍ አየት አደርግና እመለሳለሁ።

መሪጌታ ካባቸውን ሊወስዱ የመጡት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር የሚዜመውን ዜማ፣ የተማሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ባለማድረሴ ይቆጡኛል ስል «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸውና፣ «እርስዎስ መሪጌታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ ወገብዎን አያምዎትም?» አልኳቸው።

«ማን ቆመ አለህ?» አሉኝ።

መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ሰውነታቸውን ጣሉበት። «ቁም ዜማ ሲሆን እንዲህ አርፋለሁ።» አንዱን እግራቸውን አሳርፈው ሌላውን ተኩ። «ዝማሜ ሲመጣ ደግሞ» ብለው መቋሚያውን ከብብታቸው አውጥተው ከጨርቁ ክምርና ከመኪናዎቹ መካከል ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ዘመሙ። መረግዱን ሊያሳዩኝ መሬቱን ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉ የመርፌ ሣጥኔ ከጠረጴዛው ወደቀ። «ሳንንቀሳቀስ ብንቆምማ በመንፈቀ ሌሊት ደርቀን እንቀር ነበር» አሉኝ።

ሣጥኑን ጉልበቴን ሰብሬ አነሣሁት። እሳቸውም አዩኝና «እንዲያ ነው» አሉ።

ሕመሙ ጨርሶ ለቅቆኛል አልልም። ሥራ ሲበዛ ምልክቱን ይልክልኛል፤ አሁን ግን ስለማውቀው አልደነግጥለትም። የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ንስር ነው፣ ግን ከእኔ አይቶ መጎንበሱን ተምሮታል። «ተነሥ» ስለው «እሺ ጋሼ» ይላል፤ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ሳይመጣ ቀድሜ እገባና የእሱን የታችኛውን ክር ግማሽ ብቻ እሞላዋለሁ። በቀን ውስጥ ከበፊቱ እጥፍ እየተነሣ ወደ መደርደሪያው ይመላለሳል። ትናንት ክሩ ጥራቱ ቀንሷል፣ ቶሎ ያልቃል ብሎ አማረረ። ከነጋዴው ጋር እነጋገርበታለሁ አልኩት።