ወንድሙን ቅበሩልኝ ያለው ሰው ተራራ

ከሴቡ ደሴት የተሳፈርኩበት መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ታግቢላራን ወደብ ሲደርስ ገና ረፋድ ነበር። ቦሆል ደሴት የሚመጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የፓንግላኦን የባሕር ዳርቻ ወይም የቸኮሌት ኮረብታዎችን ሽቶ ነው። እኔን ግን ፊሊፒንስ ድረስ ያመጣኝ ፍራንሲስኮ ዳጎሆይ ነው። ይህ ሰው ያስነሣው አመፅ ከ1744 እስከ 1829 ድረስ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ 85 ዓመት ለስፔን ሳይገብር ቆይቷል። ዳጎሆይ ሲሸፍት ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነበሩ፤ አመፁ ሲያበቃ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ነበሩ።

ወደ ሰሜን ከመነሣቴ በፊት ቦኦል በተባለው ሰፈር ያለውን ሐውልት አየሁ። በ1565 የደሴቲቱ አለቃ ሲካቱናና ስፔናዊው ሚጌል ሎፔዝ ደ ሌጋስፒ ደማቸውን ቀላቅለው በመጠጣት መማማላቸውን የሚያስታውስ ነው። ከዚያ መሐላ በኋላ የመጣው ግን ግብርና የግዳጅ ሥራ ሆነ። በ1621 ታምብሎት የተባለ የጥንቱ እምነት አዋቂ፣ ወደ አባቶቻችን አማልክት እንመለስ ብሎ ሕዝቡን አስነሣ። ከሎቦክና ከባክላዮን በቀር ደሴቲቱ በሙሉ ተከተለችው ማለት ይቻላል። ሊያጠፋው ከሴቡ የዘመተው ጦር 50 ስፔናውያንና ከ1,000 በላይ የአገሩ ተወላጆች ነበሩበት። ይህን ስሌት በጉዞዬ ሁሉ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ኢናባንጋ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከተማዋ ዳርቻው በኒፓ ዘንባባ የተሸፈነ ሰፊ ወንዝ አላት። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ደሴቲቱን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚሁ ወረዳ፣ አኖናንግ ውስጥ፣ ምድሩን ሰንጥቆ እንደ ግንብ አቁሞታል። እኔ ግን ወንዙ ዳር ተቀምጬ የማስበው ሳጋሪኖን ነበር።

ሳጋሪኖ የዳጎሆይ ወንድምና የሕግ አስከባሪ ነበር። የኢናባንጋው ኢየሱሳዊ ቄስ ጋስፓር ሞራሌስ፣ ሃይማኖቱን ትቶ የኮበለለ አንድ ሰው ይዞ እንዲያመጣ ላከው። ሰውየው አልያዝም አለ፤ ተፋለሙ፤ ሳጋሪኖ ሞተ። ቄሱም በፍልሚያ የሞተ ክርስቲያናዊ ቀብር አይገባውም ብሎ ከለከለ። ራሱ ልኮ ያስገደለውን ሰው! አስከሬኑ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ሳይቀበር ቆየ። ፍትሐት የተነፈገ ሬሳ ቤተሰብን ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም።

ዳጎሆይ በእኛ አነጋገር ጭቃ ሹም ነበር፤ ከጎረቤቶቹ ግብር ሰብስቦ ለስፔን የሚያስገባ። ያን ሥራ ጣለና 3,000 ያህል ሰው አስከትሎ ዱር ቤቴ አለ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1744 ጃግና በተባለች ከተማ ላምበርቲ የሚሉት ሌላ ቄስ ተገደለ፤ ቆይቶ ሞራሌስም ተገደለ። ላምበርቲ በሳጋሪኖ ቀብር ምን እጅ ነበረው? ዳጎሆይን ባከብረውም ይህን አድበስብሼ ማለፍ አልፈልግም።

አመፁን የግል ቂም አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ቂም አንድ ሰው ዱር ያስገባል፤ ሦስት ሺህ ሰው ከነቤተሰቡ አያስነሣም። እያንዳንዱ ወንድ በዓመት 40 ቀን ያለፈቃዱ እንጨት እየቆረጠ፣ መርከብና ቤተ ክርስቲያን እየሠራ፣ ከዚያ ላይ ግብር ይከፍል ነበር። የሳጋሪኖ ሬሳ የሁሉም ሬሳ ሆነ።

በማግሥቱ ሀባል ሀባል በሚባለው የሞተር ታክሲ ወደ ዳናኦ ወጣሁ። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እኔ «ማኖይ» እላቸዋለሁ፣ እንደ ጋሼ ነው፤ እሳቸው «ዶንግ» ይሉኛል። መንገዱ ዳርና ዳር ሙዝና ጎደሬ ነው። የዳጎሆይ ዋሻ ደጃፍ ስንደርስ ከውስጥ እርጥብ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ማኖይ እንዳወጉኝ በውሃ ውስጥ ጠልቆ ወደ ሌላ ደረቅ መሬት የሚያወጣ መሹለኪያ አለው፤ ስፔኖች ትንፋሻቸው እያጠራቸው ይመለሱ ነበር። ዳጎሆይ የሚለው ስምም «የነፋስ ክታብ» ከሚል አነጋገር የመጣ ነው ይባላል፤ ክታቡ ከኮረብታ ኮረብታ ያስዘልለው ነበር ብለው ያምናሉ። እኔን የያዘኝ ግን ከዋሻው ደጃፍ የሚታየው እርሻ ነው። እነዚያ ሰዎች በዚህ ተራራ ተሸሽገው ብቻ አልኖሩም፤ አርሰዋል፣ ወልደዋል፣ የራሳቸውን አስተዳደር አቁመዋል። ከቆላው የሚሸሽ ሁሉ ሲጨመርባቸው ሃያ ሺህ ደርሰዋል።

ፊሊፒንስን በስፔን ስም ያስተዳድር የነበረው ገዥ ማሪያኖ ሪካፎርት በ1827 ከ2,000 በላይ ወታደር ሰደደ፤ አልበቃም። ዘመቻው የተጠናቀቀው በካፒቴን ማኑኤል ሳንዝ እጅ፣ ኦገስት 31 ቀን 1829 ነው። 395 ሰው በውጊያ ወደቀ፣ 98 ተጋዘ፣ 19,420 እጁን ሰጠ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ሳጋሪኖ የሞተ ዕለት በሕይወት የነበረ ሰው ቢገኝ ከ85 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነው። የተረፉት ባቱአንና ካቲግቢያንን በመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተደረገ።

ማኖይ በካርመን አድርገው ባቱአን ድረስ አደረሱኝ፤ ወደ ታግቢላራን የሚወርደውን አውቶቡስ የምይዘው ከዚያ ነው። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ቀኑን ሙሉ ሳመነታ የቆየሁበትን ጥያቄ እዚያ ጠየቅኋቸው፤ «የእርስዎ ወገኖች ከተራራው ናቸው ወይስ ከዳርቻው?»

የራስ ቁራቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ።

«እናቴ ከዚህ፣ ከባቱአን ናት» አሉኝ። «አባቴ የሎቦክ ሰው ነው።»