ለእንግዳ የማይቀርበው ቂጣ

ጅማ ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ ያለኝ "ቡና እንዳትረሳ" ነው። አልረሳሁም፣ ሁለት ኪሎ ይዤ መጥቻለሁ። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው በቆሎ ነው።

የሄድኩት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ በወሊሶ በወልቂጤ አድርገን፣ ጊቤን ተሻግረን ዳገቱን ስንጨርስ ዝናብ ተቀበለን፣ ከዛ በኋላ ግራ ቀኙ በቆሎ ብቻ ነው፣ ሶኮሩ በቆሎ፣ አሰንዳቦ በቆሎ፣ ሰርቦ በቆሎ፣ ከሰው ቁመት አልፎ ቤቶቹን ሸፍኗቸው ጭሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ የዛው አካባቢ ልጅ ነው፣ ግብርና የተማረውም ጅማ ነው። "ቡናው የታለ?" ስለው "ቡናው ዛፍ ጥላ ስር ነው፣ ከመንገድ አይታይህም። ይሄ የምታየው የምንበላው ነው" አለኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ከተማ አደርን። ማታ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካፊያው ሳያባራ ሴቶቹ ከሰላቸውን ይዘው ጥጋቸውን ይዘዋል፣ በካርቶን እያራገቡ እሸት ይጠብሳሉ፣ ፍሬው ሲንጣጣ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የራሱን ቅጠል መያዣ አድርገው ነው የሚሰጡህ። አዲስ አበባም ክረምት ሲገባ እበላለሁ፣ ግን ጠዋት የተሸለቀቀ እሸት ማታ ሲጠበስ ጣፋጭነቱ ሌላ ነው፣ ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ እሸት ከተቆረጠ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ስኳሩ ወደ ስታርች ይቀየራል።

በማግስቱ ሐሙስ ስለነበር ሂርማታ ገበያ ሄድን። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ነጋዴ ከሩቅ አገር እየመጣ የሚገናኝበት ነበር። እኔን ያቆመኝ ግን በቆሎ ልትገዛ የመጣች አንዲት እናት ናት። እጇን እስከ ክርኗ ማዳበሪያው ውስጥ ከታ ከታች ዘግና አወጣችና መዳፏ ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ አየችው፣ ነቀዝ ነው። ምንም አላለችም፣ እጇን አራግፋ ወደሚቀጥለው ሄደች። ነሐሴ ላይ ገበያ የሚወጣው የአምናው እህል ነው፣ ጎተራ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ወር ከነቀዝ ጋር ሲታገል የቆየ ማለት ነው፣ ስንቱ ቤተሰብ ለፍቶ ያመረተውን ለነቀዝ እንደሚያበላ አስቡት።

ከዛ በባጃጅ፣ የመጨረሻውን በእግር፣ ጓደኛዬ ቤት ገባን። እናቱ ግንባሬን ስመው ተቀበሉኝ፣ "ታኢ፣ ታኢ ልጄ" ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ። ጓዳ ውስጥ የበቆሎ ቂጣ በኮባ ቅጠል እየተጋገረ ነበር፣ ሽታው የልጅነቴን ቤት ነው ያመጣብኝ። ልጆቹ ከምጣዱ ሥር ቁጭ ብለው በጎመንና በአይብ እየበሉ ነው። ለእኔ ግን ሰርቦ ድረስ ልጅ ተልኮ የጤፍ እንጀራና ዳቦ ተገዝቶ መጣ። ቂጣውን ነው የምፈልገው ስላቸው እናትየው ደነገጡ፣ "ይሄ እኮ የኛ የቤታችን ነው ልጄ፣ ለእንግዳ በቆሎ ይሰጣል እንዴ?" አሉኝ።

ይሄ ነገር ልቤን ነካው። ምክንያቱም እኛም ቤት እንደዛው ነው። ጤፍ የተወደደ ጊዜ እናቴ በቆሎ ትቀላቅል ነበር፣ እንግዳ "ምን ዓይነት ጤፍ ነው?" ሲላት "ሰርገኛ ነው" ትላለች፣ እኔም አብሬያት ዝም እላለሁ። አገሪቱ ውስጥ ጤፍ የሚበልጠው በተዘራበት መሬት ስፋት ነው እንጂ በምርት መጠን አንደኛው በቆሎ ነው፣ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ኩንታል አካባቢ። ቂጣው፣ ገንፎው፣ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ ጠላው፣ ቡና ሲፈላ የሚበተነው ፈንድሻ ሁሉ እሱ ነው። ስሙ ሲነሳ ግን አንገት ያስደፋል፣ የድሃ ምግብ ይባላል፣ ለምን?

ከሰዓት ማሳው ውስጥ ገባን። ጓደኛዬ አንድ እሸት ከፍቶ ፂሙን አሳየኝ። እያንዳንዷ ፀጉር ከአንዲት ፍሬ ጋር ብቻ ነው የተያያዘችው፣ ከጫፍ አበባው የወረደ ዱቄት ያላገኛት ፀጉር ፍሬዋ ባዶ ይቀራል። ሲቆረጠም እዚህም እዚያም ጥርስ የወለቀ የሚመስለው በቆሎ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መስመሩን ቁጠር አለኝ፣ 14። ሌላ ቆጠርኩ 16። ሁሌም ማለት ይቻላል ሙሉ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎ እምብዛም አይወጣም፣ እስከዛሬ ስንቱን ስበላ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ሦስተኛውን ስንከፍት ጫፉ ተበልቷል፣ ውስጡ ቡናማ እርጥብ ብናኝ፣ መሃሉ ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ትል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ጅራቱ ጋ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች። መጤው ተምች ነው፣ እኛ አገር የገባው በ2009 ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ በእጁ ነበር የሚለቅመው አለኝ። በቆሎ ራሱ የሜክሲኮ ልጅ ነው፣ እዛ የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ ከአንድ የሳር ዘር ነው ያላመዱት፣ ከኮሎምበስ በኋላ ነው በባህር ዞሮ እኛ ጋ የደረሰው፣ አንዳንድ አካባቢ የባህር ማሽላ የሚሉትም ለዛ ነው። ተምቹም ከዛው ከአሜሪካ ምድር ነው።

አባትየው ማታ እሳት ዳር ስለ ዘር አጫወቱኝ። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 የሚባለው ዲቃላ የበቆሎ ዘር በ1985 ነው የተለቀቀው፣ እሳቸው አካባቢ ሲደርስ ቁመቱን ሰው ቆሞ ያይ ነበር አሉ። ግን የዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል፣ ካመረትከው ላይ አስቀርተህ ብትዘራው ምርቱ ይወርዳል፣ ማዳበሪያውም ከዘር ጋር አብሮ ብር ይጠይቃል። ከሁሉ የማይረሱት ግን 1994ን ነው። ዝናቡም ዘሩም ሰምሮ ምርቱ ሲትረፈረፍ ዋጋው ወደቀ፣ ኩንታሉን አስጭነው ገበያ ወስደው የሸጡበት ብር የጫኙን አልሸፈነም፣ ማሳው ላይ የተወውም ነበር። ለማዳበሪያ የተበደረ ሰው በሬውን ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ መጣ፣ በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠበቀ። "ስንጠግብ ርካሽ፣ ሲርበን አይገኝ" አሉና እሳቱን ቆሰቆሱ። ለረጅም ደቂቃ ማንም አላወራም።

ሌሊቱን ከሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቹ ጋር ማማ ላይ አደርኩ። አራት እንጨት ላይ የቆመ የሳር ክዳን ናት፣ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚይዘው። ቀን ጀልዴሳ ማለትም ዝንጀሮ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ከርከሮ። ጫካው አጠገብ ስለሆነ አንድ ሌሊት ካልተጠበቀ የወር ቀለብ ይሄዳል። ትልቁ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። አገዳ ሲንኮሻኮሽ እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳይገባኝ እሱ ተነስቶ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ይጮሃል፣ በወንጭፍ ይለቃል፣ ከዛ ተመልሶ ጋቢ ውስጥ ይገባል። መስከረም ትምህርት ሲከፈትስ ስለው "ማሽላውም በቆሎውም እስኪነሳ ተራ እንገባለን፣ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ" አለኝ። ለስንቱ የገጠር ልጅ የመማሪያ ቀን ማማ ላይ እንደሚያልቅ ሳስብ አልተኛሁም። ሊነጋ ሲል እሱ ራሱ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፣ እኔ ቆርቆሮውን ይዤ ጠበቅኩ።

የመመለሻዬ ቀን ጠዋት እናትየው ትሪውን ይዘው መጡ። ቂጣው ከኮባው ገና መውጣቱ ነው፣ ጠርዙ ጠቆር ብሏል፣ መሃሉን ቆርሰው ቅቤ ጣል አደረጉበትና አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን እሳቸው ቀመሱ፣ ከዛ ወደኔ ገፉት፣ "ኛዹ ልጄ" አሉኝ፣ ብላ ማለታቸው ነው። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን ሳጋምስ ሌላ አንድ ሙሉ በኮባ ጠቅልለው አንድ ማዳበሪያ እሸት ላይ ደርበው ሰጡኝ። መኪናው ጊቤ ላይ ለሻይ ሲቆም ቅጠሉን ፈታሁት፣ ገና ለብ ያለ ነበር፣ አጠገቤ ለተቀመጡት አባትም ቆርሼ ሰጠኋቸው።