ምሳውን የበላው ውሻ

ደሴ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት ክፍል የሥዕል መጻሕፍት ለመግዛት ኮሚቴ ተቀምጠናል። የግምገማ ቅጹ ላይ «የሥዕል ጥራት» ከሚለው ሥር ያለው ቀለም፣ ወረቀትና ጥራዝ ብቻ ነው። ሁለት መጻሕፍት ቀርተዋል፤ ሁለቱም ስለ ገበሬ ልጅ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጣራ። ሌላው በቡናማ ቀለም ብቻ የተሣለ፣ ስስ።

«ይሄ ምን ያከራክራል?» አሉ የንብረት ክፍሉ ጋሼ፣ የሚያብረቀርቀውን እያገላበጡ።

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ልጆቹ ይዩት።»

«አብሽሪ፣ ጥሪያቸው።»

ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኜ ንባብ ክፍል ለነበሩት ልጆች ሰጠኋቸው። የሚያብረቀርቀውን «ያምራል» እያሉ ቶሎ ቶሎ ገልጠው ጨረሱት። ጽሑፉ አረሰ ሲል ሥዕሉም ያርሳል፣ ተኛ ሲል ይተኛል፤ ዓይን የሚያቆይ ትርፍ ነገር የለውም። የልጁ ሸሚዝ አንዱ ገጽ ላይ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ነው። «ይሄ ሌላ ልጅ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። የእናትየዋ ግማሽ ፊት መሐል ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከኩታበር የመጣች ልጅ ደግሞ ሳቋ አመለጣት፤ ቀንበሩ ከሻኛው ፊት አንገቱ ላይ መዋል ሲገባው ጀርባው ላይ ተጭኗል። «በሬ እንዲህ ይጠመዳል?»

ቡናማው ላይ ግን ቆዩ። ጽሑፉ ልጁ ከብት ይዞ ወጣ ይላል እንጂ ስለ ውሻ አንድ ቃል አይተነፍስም። ውሻው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የልጁን ስልቻ እያሸተተ ይከተላል፤ ልጁ ጥጃ ሲያባርር ስልቻው መሬት ላይ ቀረ። ቀጣዩ ገጽ ሲገለጥ «ምሳውን በላበት!» ብለው ጮኹ፣ ከዚያም ውሻው ከየት እንደጀመረ ሊፈልጉ ወደ ኋላ ገለጡ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ራንዶልፍ ካልዴኮት የሚታወቀው በዚሁ እንደሆነ፣ ቃሉ የዘለለውን በሥዕል ይናገር እንደነበር ለኮሚቴው ነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ የሚሰጡት ሜዳልያም በስሙ ነው።

«ሜዳልያውን ተይውና ይሄ በሽቦ የተመታ ነው፤ በልጅ እጅ ወር አይቆይም» አሉ ጋሼ። እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። ቡናማውን በክር እንዲሰፋ ተስማምተን መረጥን፤ ቅጹ ላይም «ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ይተርካል ወይ?» የሚል መስመር ጨመርኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች፦

«ለውሻው ስንት ነጥብ ልጻፍ?»