ሦስተኛው ቁጥር

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም በነርስነት እሠራለሁ። አንዲት የአገሬ እናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ቆይተው፣ እስኪያገግሙ እኛ ጋ መጡ። ሳንባቸው ድሮም የተጎዳ ነው። አርብ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ፣ ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ አስኬድኳቸው።

ተቀምጠው ያለ ኦክስጅን በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን 92 በመቶ ነበር። ጥቂት እንደተራመዱ ወደ 85 ወረደ። ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቼ ቶሎ ኦክስጅኑን ሰካሁላቸውና አስቀመጥኳቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ደክሞኝ ነው» ይሉኛል፣ እኔን ሊያጽናኑ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩ፤ ሐኪሙም ፈረመ።

አርብ ከሰዓት ኦክስጅን አቅራቢው ደወለ። ወረቀቱ ስላልተሟላ ለቤታቸው የሚሆነውን የኦክስጅን ማሽን አያመጣም። ተቀምጦ 88 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን፣ አንድ ልኬት ይበቃዋል። የሚወርደው በእንቅስቃሴ ብቻ ከሆነ ግን ሦስት ይጠይቃል፦ ተቀምጦ ያለ ኦክስጅን፣ እየተራመደ ያለ ኦክስጅን፣ ከዚያ ኦክስጅን አድርጎ እየተራመደ፣ መሻሻሉ እንዲታይ። ሦስቱም በአንድ ዙር ምርመራ ተከታትለው የተለኩ መሆን አለባቸው። ሦስተኛውን እኔ አልለካሁም።

ልጃቸው ሻንጣቸውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «እዚህ ሲጠቀሙበት የነበረውን ለምን ይዘው አይሄዱም?» አለችኝ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይጠይቃል፣ ተገቢም ነው። እኛ ጋ ሳሉ ኦክስጅኑን የሚያቀርበው ተቋሙ ነው፤ ሜዲኬር በፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታልና የእኛን ዓይነት ተቋም ቆይታ በሚሸፍነው ክፍሉ፣ ከሚከፍለን ውስጥ ይካተታል። የቤቱ ማሽን በፓርት ቢ፣ ማለትም ለቤት የሚሆን የሕክምና ዕቃንም በሚሸፍነው ክፍል፣ በኪራይ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ዓይነት ተቋም ደግሞ ለዚያ እንደ ቤት አይቆጠርም። «እሺ፣ ካምፓኒው ራሱ መጥቶ ይለካቸው» አለች። እሱም አይቻልም፤ ዕቃውን የሚያከራይ ለሽፋን የሚቀርበውን ልኬት መውሰድ አይፈቀድለትም። በዚህስ ደንቡን እደግፋለሁ፤ ለክቶ የሚያከራይ ሰው ለማን ያደላል?

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ «ዛሬ አይመጡም» ብላ ቤት ደወለች። ከወዲያ ማዶ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ተራመድን። 93፣ 86፣ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን 94። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ደረሰ። ከወጪው 20 በመቶው የእሳቸው ድርሻ እንደሆነ፣ ከቤት ሲወጡ የሚይዙት ተንቀሳቃሽ ኦክስጅንም እንዲጠይቁ ለልጃቸው ጽፌ ሰጠኋት።

ሰኞ ቅጻችን ላይ ሦስት ሳጥን እንዲሠራ ጠየቅሁ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ለሐኪም ፊርማ አልልከውም።